አምስተኛው ነጭ ነጥብ

የአቶ ሃብተሚካኤል ራስ ከሞቱም በኋላ እንደ ታሰረ ነበር። ከግንባራቸው እስከ አገጫቸው የጀሶ ጭንብል ለብሰው፣ ጭንብሉ በአራት ብሎን ከአልጋው ጋር ተጠብቆ፣ ክንዶቻቸው በሰፊ ማሰሪያ ከጎናቸው ተይዘው ተንጋለዋል። አንድ ሰው ግራጫ ብርድ ልብስ እስከ ደረታቸው ድረስ አልብሷቸዋል። ከበላያቸው ትልቁ የጨረር መሣሪያ አፉን ወደ ጆሯቸው አዙሮ ቆሟል።

ሻምበል አሳምነው ከበሩ ሥር ጥቂት ቆየ። አሥመራ ውስጥ በወንጀል ምርመራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ሦስት ጊዜ ዝውውር ጠይቆ ሦስት ጊዜ ተከልክሏል፤ አራተኛውን ማመልከቻ ለመጻፍ ጉልበት አላገኘም። ወገቡን ያመዋል። የካቲት 1963 ዓ.ም. ነው፤ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሁለተኛ ወሩን አልፏል፤ ከዚያ ወዲህ ሬሳ ሳያይ የዋለበት ሳምንት የለም።

«ይፈቱላቸው» አለ።

የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ዘርዓይ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈቱና ጭንብሉን አነሡ። የሽማግሌው ከንፈር ጠቁሯል። ሻምበሉ የዓይናቸውን ቆብ ገለጠ፤ ነጩ ላይ እንደ በርበሬ ብናኝ የደቀቁ ቀያይ ነጥቦች አሉ። ግራ ጉንጫቸው ውስጥ ደም ያዘለ ጥጥ አገኘ። ከዚያ ማሰሪያውን ላላ አድርጎ የእጅ አንጓዎቻቸውን ተመለከተ፤ ቆዳው ተልጧል።

«በስልክ ‹ልባቸው ሳይሆን አይቀርም› ብለውኝ ነበር» አለ።

«መስሎኝ ነበር።» ዶክተሩ ጭንብሉን እንደ ታቀፉ ነበሩ። «ልብ ግን እጅን አያላልጥም። ታፍነው ነው የሞቱት፣ ሻምበል። እነዚህን ሁለት የመተንፈሻ ቀዳዳዎች በጨርቅ የደፈነ ሰው ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ሰውየው ታስረዋል፤ ምን ያድርጉ?»

ክሊኒኩ ቪላጆ ጀኒዮ ሰፈር ውስጥ ያለ አሮጌ የጣሊያን ቪላ ነው። በአንድ ኮሪደር ላይ ሦስት በሮች አሉ፦ የዶክተሩ ቢሮ፣ የጨረር ክፍሉና ፊልም የሚታጠብበት ጨለማ ክፍል። እያንዳንዱ ክፍል መግቢያው አንድ ብቻ ነው፤ መስኮቶቹም በብረት የታጠሩ ናቸው። ከበሮቹ ፊት ለፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል።

ዶክተሩ ሻምበሉን ቢሯቸው አስገብተው የብርሃን ሣጥኑን አበሩ። ሁለት የራጅ ፊልሞች አነባብረው ሰቀሉ፤ የአንድ ሰው የራስ ቅል ከጎን ታየ።

«ዕጢው እዚህ ነው፣ አንጎል ሥር። ከሽምብራ አይበልጥም፤ ግን የዓይንን ነርቭ ተጭኖታል። ስድስት ወር ሙሉ እየታወሩ ነበር። ጨረሩ ዕጢውን ካገኘው ያከስመዋል፤ በግማሽ ጣት ከሳተ ግን የቀረውን ዓይን ያቃጥላል።»

«እንዴት ነው የማይስተው?»

«ራሱን በየቀኑ አንድ ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነዋ። ጭንብሉ ውስጥ አራት የእርሳስ ፍሬዎች ቀብሬአለሁ፤ እርሳስ ጨረር ስለማያሳልፍ ፊልሙ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ከሕክምናው በፊት ሁልጊዜ አንድ ከፊት አንድ ከጎን ራጅ ይነሣል። አዲሱን ፊልም በመጀመሪያው ላይ አነባብራለሁ። ፍሬዎቹና አጥንቱ ከገጠሙ ራሱ በቦታው ነው ማለት ነው። ዛሬ ደግሞ ከምንጊዜውም የተሻለ ነበር የገጠመው።» ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጥቶ ጠፋ። «ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።»

ሻምበሉ ወደ ፊልሙ ቀረበ። «አራት ፍሬ አሉኝ። እኔ አምስት ነጭ ነጥብ ነው የማየው።»

«ያ የታችኛው? የወርቅ ጥርሳቸው ነው። ወርቅም ጨረር አያሳልፍም። በሁሉም ፊልም ላይ አለ፤ እኔ ከመንጋጋ ጋር ጉዳይ ስለሌለኝ አላየውም።»

«ከሕክምናው በፊት ማን ገባ?»

«እኔ አልገባሁም፤ ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ ፊልሙ እርጥቡን እስኪመጣልኝ እዚህ ነበርኩ። ከዚያ የጨረር ክፍሉን በር ዘግተን ማሽኑን አስነሣን፤ እኔ፣ ነርሷና የራጅ ባለሙያው ሦስታችንም በመስታወቱ እያየን ነበር። አሥራ ሁለት ደቂቃ። ሲያልቅ ነርሷ ኣብርሄት ገብታ ጮኸች።» ዶክተሩ ሣጥኑን አጠፉ። «ለሬሳ ነው ለካ ያንን ሁሉ ያስተካከልኩት።»

የሟች ባለቤት ወይዘሮ ዘቢብ አግዳሚው ወንበር ላይ ነጠላቸውን እስከ ግንባራቸው ተከናንበው ተቀምጠዋል። ሻምበሉ አጠገባቸው ተቀመጠ፤ ወገቡ እንዲያርፍለትም ጭምር ነው።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እናቴ።»

«የቐንየለይ፣ ወደይ» ብለው እንደ ልጃቸው አመሰገኑት።

«ጠዋት ከዚህ ተነሥተው ነበር?»

«አልተነሣሁም። ወዴት እሄዳለሁ? አራት ሳምንት ሙሉ እዚህ ነው የምቀመጥ።»

«ያዩትን በተራ ይንገሩኝ።»

«ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ኣብርሄት ይዛው ገባች። አሰናድታው ወጣች። ከዚያ ጠዓመ፣ ራጅ የሚያነሣው፣ ገባ፤ አምስት ደቂቃ ያህል ቆየ። ፊልሙን ይዞ ወጥቶ ጨለማው ክፍል ገባና ቀዩ መብራት በራ። ሦስት ሰዓት ላይ ኣብርሄት ብርድ ልብስ ይዛ ገብታ ወዲያው ወጣች። ከዚያ ጠዓመ ፊልሙ እየተንጠባጠበ ወደ ዶክተሩ ወሰደው። ሌላ ሰው አልገባም፤ እወ፣ አዎ፣ እምላለሁ።»

«ማሽኑ ሲሠራ እዚህ ድረስ ይሰማል?»

«ይሰማል እንጂ። ሁለቴ አጭር አጭር ይላል፤ ትንሽ ቆይቶ ረጅሙ ይመጣል። ዛሬ ግን...» አሰቡ። «ዛሬ ረጅሙን ብቻ ነው የሰማሁ። አጭሮቹን አልሰማሁም። ድካም ይሆናል። ከቅዳሜ ጀምሮ አልተኛንም፤ ጥርሱን ተነቅሎ ደሙ አልቆም ብሎ።» ከመቀነታቸው መሐረብ አውጥተው ፈቱት። ውስጡ የወርቅ ሽፋን ያለው መንጋጋ ጥርስ አለ። «‹ቤት አስቀምጭልኝ› ብሎኝ ነበር፤ ረስቼ ይዤው መጣሁ።»

ሻምበሉ ጥርሱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አቅርቦ አየና መልሶ ሰጣቸው።

«ቂም የያዘባቸው ሰው ነበር?»

ወይዘሮ ዘቢብ መሐረቡን መልሰው ቋጠሩ። ቀጥሎ የተናገሩት ብዙ ጊዜ የሰሙትን ነገር እንደሚደግም ሰው ነበር።

«ባለቤቴ የፍርድ ቤት አስተርጓሚ ነበር። በ57 አንድ ሰው ተከሰሰ፤ ባለ ወፍጮ ነው። በደብሩ ዓመታዊ በዓል ቤቱ የበሉ ሰዎች ከሁለት ወር በኋላ ወደ በረሓ ወጥተው ሸፈቱ። ዳኛው ‹እነዚህን ሰዎች ምን አደረግሃቸው?› ሲለው ‹ዓዲመዮም› አለ። በትግርኛ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፣ ወደይ?»

«ግብዣ ጠራኋቸው።»

«እወ። ዳኛው አማርኛ ብቻ ነው የሚያውቀው። ‹አድሜያለሁ ነው የሚለው?› ብሎ ባለቤቴን ጠየቀው። ከጠዋት ጀምሮ ሰባተኛው ክስ ነበር። ደክሞታል፤ ፈርቷልም። ‹አዎ ጌታዬ› አለ። ሰውየው አሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደበት። በሁለተኛው ዓመት እስር ቤት ሞተ። ዓይኑ ከደከመ ወዲህ ባለቤቴ ይህንን ለሁሉም ይናዘዛል፤ ለቄሱ፣ ለነርሷ፣ ለዶክተሩ፣ ራጅ ለሚያነሣው። የሰውየውን ቤተሰብ ያፈላልግ ነበር። ሰፈራቸው ጸጸራት ድረስ ይዤው ሄጃለሁ። ቤቱን ሸጠው ወጥተዋል።»

ሲስተር ኣብርሄት እጆቿን መደበቂያ ያጣች ይመስል አንዴ ኪሷ አንዴ ብብቷ ሥር ታደርጋቸው ነበር።

«ብርድ ልብስ ሳለብሳቸው ‹አቦይ፣ ቆሪሩኩም ዶ?› አልኩ፣ ማለቴ... በረደዎት ወይ አልኳቸው። አልመለሱልኝም። ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ያንቀላፋሉ። ዛሬም ተኝተዋል ብዬ ሄድኩ።»

«ሲተነፍሱ አይተሻል?»

«አላየሁም።» እንባዋ መጣ። «አለማየቴ ነው የሚያቃጥለኝ። ሻምበል፣ ወንድሜ ባለፈው ዓመት ወደ በረሓ እንደ ወጣ ያውቃሉ፤ ሁሉም ያውቃል። አሁን ደግሞ የገደልኳቸው እኔ ነኝ ይላሉ።»

ሻምበሉ ሊመልስላት ሲል የቢሮው ስልክ ጮኸ። አለቃው ኮሎኔል ነው።

«ነርሷ ነች፣ አይደለም እንዴ? ወንድሟ ወንበዴ ነው። ሟቹ የመንግሥት ሰው ነበር። ምን ቀረህ?»

«ምክንያቱ ይቀረኛል፣ ጌታዬ።»

«ምክንያቱን እዚያ ከሄደች በኋላ ራሷ ትናገራለች። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ለወታደሮቹ አስረክባታለሁ።»

«እስከዚያው እኔ ጋ ትቆይ።»

ስልኩን ዘጋ። ወታደሮቹ ጋ የገቡ ሰዎች ሲወጡ አይቷል። ያልወጡትንም ያውቃል።

በመጨረሻ ያነጋገረው ጠዓመን ነው። ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ጥፍሮቹ በፊልም ማጠቢያው ፈሳሽ የበለዙ ሰው ነው።

«ጠዋት አቶ ሃብተሚካኤል አነጋግረውህ ነበር?»

«‹ዛሬ ብርድ ነው› አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ሁለቱን ፊልም አነሣሁና ለማጠብ ሄድኩ።»

«ሁለት ራጅ ለማንሣት አምስት ደቂቃ ይበቃል?»

«ለእኔ ይበቃኛል። ከፊት አነሣለሁ፣ ፊልሙን እቀይራለሁ፣ ማሽኑን አዞራለሁ፣ ከጎን አነሣለሁ። ሌላ ነገር ለመሥራት ግን ትርፍ ጊዜ የለም።»

«ሌላ ነገር ማለት?»

ጠዓመ ጥፍሮቹን ተመለከተ። «እንዲሁ ነው ያልኩት። ኣብርሄት ይህን አታደርግም፣ ሻምበል። እሷን ተዋት።»

ደጉ የተባለ አሥር አለቃ ክሊኒኩን እንዲጠብቅ አድርጎ፣ ሻምበሉ የሟቹን የፊልም ማኅደር በብብቱ ይዞ ወጣ። በማግስቱ ጠዋት የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ሲከፈት በሩ ላይ ነበር። የ57ን መዝገብ ለማግኘት አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀበት። ከዚያ ውስጥ አንድ መሥመር ብቻ ገልብጦ ወረቀቱን ኪሱ ከተተ።

አምስት ሰዓት ላይ ሁሉም ዶክተሩ ቢሮ ተሰብስበዋል። ወይዘሮ ዘቢብ ተቀምጠዋል፤ ኣብርሄት ካደረችበት ጣቢያ መጥታ ከአሥር አለቃ ደጉ አጠገብ ቆማለች፤ ጠዓመ ግድግዳውን ተደግፏል። ዶክተር ዘርዓይ የብርሃን ሣጥኑን አበሩ። ሻምበሉ ይቅርታ ጠይቆ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ረጅም አላደርገውም» አለ። «አቶ ሃብተሚካኤል ማሽኑ ከመነሣቱ በፊት ሞተዋል፤ ከተነሣ በኋላማ ክፍሉ ዝግ ነበር፣ ሦስት ሰውም ያይ ነበር። ከዚያ በፊት የገቡት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ኣብርሄትና ጠዓመ።»

«እኔስ?» አሉ ወይዘሮ ዘቢብ። «እኔም ብቻዬን ነበርኩ እኮ።»

«እርስዎም ነበሩ፣ እናቴ። አስቤዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።» ፊልሙን ከማኅደሩ አወጣ። «ጠዓመን ነፃ የሚያደርገው ይህ ፊልም ነበር። በክፍሉ የቆየው አምስት ደቂቃ ነው፤ ሁለት ራጅ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። ፊልሙ ካለ፣ ለመግደል ጊዜ አልነበረውም። ዶክተር፣ ይህ የትላንቱ ነው?»

«አዎ። ቀኑ ተጽፎበታል።»

«ቀኑ የተጻፈው በእጅ ነው። እስቲ ነጮቹን ነጥቦች ይቁጠሩልኝ።»

«አራቱ ፍሬዎች... ጥርሱ...»

«እናቴ፣ መሐረቡን ያሳዩዋቸው።»

ወይዘሮ ዘቢብ መሐረቡን ፈቱ። ዶክተሩ የወርቁን ጥርስ አዩ፤ ከዚያ ፊልሙን አዩ፤ እንደገና ጥርሱን አዩ። ያደረጉትን መነጽር የተጠራጠሩ ይመስል አወለቁት።

«መቼ ነው የተነቀሉት?»

«ቅዳሜ» አሉ ወይዘሮ ዘቢብ።

«ቅዳሜ የተነቀለ ጥርስ ሰኞ ፊልም ላይ አይገኝም» አለ ሻምበሉ። «ይህ ፊልም ከቅዳሜ በፊት የተነሣ ነው። ማኅደሩን ፈተሽኩት። የእያንዳንዱ ቀን ፊልም በየፖስታው አለ፤ የሐሙስ ፖስታ ብቻ ባዶ ነው። የሐሙሱ ፊልም ቀኑ ተፍቆ፣ የሰኞ ተጽፎበት፣ ውኃ ውስጥ ተነክሮ እርጥቡን ቀረበልዎት። ሐሙስ አንዴ ስላለፈ ትላንትም እንደሚያልፍ ባለሙያው ያውቃል።»

«መንጋጋውን አላየሁትም» አሉ ዶክተሩ ቀስ ብለው። «ቢታየኝ ኖሮ...»

«ቢታይዎትም ሰውየው ቀድመው ሞተው ነበር፣ ዶክተር። ይህን አይሸከሙ።» ሻምበሉ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ወይዘሮ ዘቢብ ረጅሙን ድምፅ ብቻ ሰሙ። ድካም ነው ብለው ጆሯቸውን ጠረጠሩ። ጆሯቸው ልክ ነበር፤ ትላንት ጠዋት ምንም ራጅ አልተነሣም። እንግዲህ የራጅ ባለሙያው ራጅ ካላነሣ በእነዚያ አምስት ደቂቃዎች ምን ሲሠራ ነበር? ለምንስ የውሸት ፊልም አስፈለገው? ኣብርሄት ብርድ ልብስ ያለበሰችው ለሞተ ሰው ነው። ስለዚህ ነው ያልመለሱላት።»

ማንም ሰው ወደ ግድግዳው ለመዞር አልደፈረም። ሻምበሉ ከኪሱ ወረቀቷን አወጣ።

«ከመዝገቡ የገለበጥኩት ነው። ‹ተከሳሽ፦ ተመልሶ፤ ሥራ፦ ወፍጮ ቤት፤ መኖሪያ፦ ጸጸራት።› የአንተ ሙሉ ስም በሠራተኞች ዝርዝር ላይ ጠዓመ ተመልሶ ነው።»

ወይዘሮ ዘቢብ ከወንበራቸው ተነሡ። «የተመልሶ ልጅ ነህ?»

«እወ።»

«ሲፈልግህ ነበር እኮ! በየቤቱ ሲፈልጋችሁ ነበር!»

«አውቃለሁ፣ እመይ። እሳቸው ራሳቸው ነገሩኝ። ሐሙስ ዕለት ጭንብሉን ለብሰው፣ ማን እንደሆንኩ ሳያዩ፣ ሁሉንም ነገሩኝ። የአባቴን ስም ጠርተው፣ ሲናገር እጁን እንዴት እንዳደረገ ሳይቀር ነገሩኝ። እኛ አባታችን ‹አድሜያለሁ› ብሎ ያመነ ነበር የሚመስለን። ስድስት ዓመት አፍረንበት ኖርን። እናቴ ስሙን ሳታነሣ ሞተች።»

«ለምን ማን እንደሆንክ አልነገርካቸውም?» አለ ሻምበሉ። ይህ ጥያቄ ለምርመራው አያስፈልገውም ነበር።

ጠዓመ ከግድግዳው ተላቀቀ።

«ብነግራቸው ይቅርታ ይለምኑኝ ነበር። ሽማግሌ ናቸው፤ ታውረዋል። እሺ እንዳልል ፈራሁ።»

ኣብርሄት ፊቷን ሸፈነች። ወይዘሮ ዘቢብ ወደ ጠዓመ ሁለት እርምጃ ሄዱ፤ ሊመቱት ይሁን ሊይዙት ለራሳቸውም ግልጽ አልነበረም፤ መሐል ላይ ቆሙ። ዶክተሩ ደግፈው መልሰው አስቀመጧቸው።

«እሷን በእኔ ፈንታ ሲወስዷት ዝም ልል ነበር?» አለ ጠዓመ ወደ ኣብርሄት እያየ። «ሊወስዷት ሲመጡ እናገር ነበር። ይመስለኛል። አላውቅም።»

ለስድስት ሩብ ጉዳይ ላይ ሻምበሉ ለኮሎኔሉ ደወለ። ኮሎኔሉን ብዙም ደስ አላለውም፤ ቢሆንም ኣብርሄት ተፈታች። ከክሊኒኩ በር ወጥታ ማንንም ሳትሰናበት ወደ ፌርማታው ሄደች።

ቃል የመቀበሉ ሥራ ከሰዓት በኋላ በሻምበሉ ቢሮ ተካሄደ። አስተርጓሚ ይፈልግ እንደሆነ ሲጠየቅ ጠዓመ በአሉታ ራሱን ነቀነቀ፤ አማርኛ በትምህርት ቤት ተምሯል። ዝግ ብሎ፣ ሻምበሉ ጽፎ እስኪደርስበት እየጠበቀ፣ ከሐሙስ እስከ ሰኞ ያለውን ተናገረ። ሲጨርስ ሻምበሉ ያነብለት ጀመር።

«‹...የአባቴን ነገር ከሰማሁ በኋላ አእምሮዬ ተናውጦ፣ ሳላስበው በድንገት የጭንብሉን ቀዳዳዎች በፎጣ...›»

«እንደዚያ አላልኩም።»

ሻምበሉ ከወረቀቱ ቀና አለ። ክፍሉ ውስጥ ከሁለታቸው በቀር ሰው አልነበረም።

«ልዩነቱን ታውቃለህ?» አለው ዝቅ ባለ ድምፅ። «አስበህበት ከሆነ ስቅላት ነው። በድንገት ከሆነ ግን ትኖራለህ። ወጣት ነህ። ይህቺን አንድ ቃል ብትተዋት ማንም አይጠይቅህም። እኔም አልናገርም።»

«ከሐሙስ እስከ ሰኞ አራት ቀን ሳስብበት ነበር። የሐሙሱን ፊልም ከማኅደሩ ያስቀረሁት ዓርብ ነው። ያልኩትን ጻፍ፣ ሻምበል። በጃኻ፣ እባክህ።»

ሻምበል አሳምነው ብዕሩን ይዞ ተቀመጠ። በመስኮቱ በኩል የሰዎች ድምፅና የብስክሌት ደወል ይሰማል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰዎች በዚህ ጠረጴዛ ፊት አንድ ቃል እንዲለወጥላቸው ሲለምኑት ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልለወጠም ነበር። ዛሬ ሳይለመን ለወጠ፤ ጠዓመ ግን አልቀበልም አለው።

«ሳላስበው በድንገት» በሚለው ላይ መሥመር አሰመረ። ከበላዩ «አራት ቀን አስቤበት» ብሎ ጻፈ። ስርዙ ላይ ሁለቱም ፈረሙበት።